በሁለተኛው ገጽ፣ የመጀመሪያው ዘፈን

ለውድ ወንድሜ ለኔቪል፣

እንደምን አለህልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ያ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚጠዘጥዝህ የግራ እጅህ አንጓ በዚያ በረሃ እፎይ አለ ወይስ እዚያም ተከትሎህ ሄደ? እንቅልፍ ትተኛለህ? ትኩስ ነገር ትቀምሳለህ ወይስ አሁንም ከቆርቆሮ በማንኪያ ነው? ያ ቤት የሚያክለው የማዕድን መኪናህስ እንዴት ነው? አውስትራሊያ አሁን ክረምት ነው ሲሉኝ ሳቅሁ። እዚህ በጋ ነው ይባላል፤ ዝናቡ ግን አልተነገረው መሰለኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም።

እኛ ከሞላ ጎደል ደህና ነን። እናታችን ሠላሳ ዓመት ኮርቻ የሰፋችባቸው ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይሏታል እንጂ ምላሷ አንድም ቀን አርፎ አያውቅም። ክሊፎርድ ጎመኑን ቀንድ አውጣ ጨርሶበት ከቀንድ አውጣ ጋር ጦርነት ገጥሟል፤ እስካሁን የሚያሸንፉት እነሱ ናቸው። ልጄ ጊሊያን የፀጉሯን ግማሽ ተላጭታ ግማሹን ብርቱካን ቀለም ነከረችው። አባቷ ደረጃው ላይ ሲያገኛት እንደ ጎረቤት ልጅ «እንደምን አደርሽ» ብሏት አለፈ።

የገና ካርድህ በየካቲት ደረሰን። ሦስት መስመር ነበረች፤ አንደኛዋ አድራሻህ ናት። እናታችን ግን ከሰዓቱ ጎን አቁማት እንግዳ በመጣ ቁጥር «የኔቪል ደብዳቤ» እያለች ታሳያለች። እኔ አልተቀየምኩም። ለምን እንዳጠረች አውቃለሁ፣ ያሳጠርኳትም እኔ ነኝ።

ኔቪል፣ ሁለት ጊዜ በድዬሃለሁ። የመጀመሪያውን ታውቀዋለህ፣ ሁለተኛውን አታውቀውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ስለ አንተ እዚህ ይህ ሁሉ ሲሆን አንተ ምንም አልሰማህም። ስለዚህ ዛሬ እሑድ ነው፣ ሳህኑ ሳይታጠብ ይቆይ ብዬ ተቀምጫለሁ። ወረቀቱ ቢበዛብህ እንኳ እስከ መጨረሻው አንብበው። እኔ ነገርን እስከ መጨረሻው ባለመስማቴ ነው ይህ ሁሉ የመጣው።

የመጀመሪያውን ባጭሩ ልበለውና ይውጣልኝ። አራት ሆናችሁ በጋራዣችን የጀመራችሁት፣ ልጆቹ አንተን «ኔቭ» የሚሉበት ባንድ፣ «የወረቀት ሚኒስትሮች»፣ ለንደን ስቱዲዮ ገብቶ አንተ ብቻህን በባቡር የተመለስክበት ቀን ትዝ ይልሃል። «እዚህ ላይ ይፈርሙ» የሚለውን ዘፈን አንተ መትተህ ከጨረስክ በኋላ ያንተን ከበሮ አውጥተው የድራም ማሽን፣ ያንን በኤሌክትሪክ ከበሮ የሚመታውን፣ እንዳስገቡበት ነገርከኝ። እኔም ድንች እየላጥኩ ነበርና ቀና እንኳ ሳልል «ምን ይፈረድባቸዋል? ማሽን አያረፍድም፣ አይደክመውም፣ እጁንም አያመውም። አንተም ያንን ከበሮ ሸጠህ የሰው ሥራ ፈልግ» አልኩህ። የአውስትራሊያውን ማስታወቂያ ከጋዜጣ ቆርጬ ከሳህንህ ሥር ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ለአንተ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አንተ ሄድክ፤ ያ ዘፈን ከነማሽኑ በየሬዲዮው ተዘፈነ፣ እኔም እውነቴን ነበር አልኩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ። በዘፈን ሸክላ ማተሚያ ፋብሪካችን የምሠራበትን የማዳመጫ ክፍል አንድ ቀን ብቻ ስለ ገባህበት ላስታውስህ። አንድ ሸክላ በሺህ ከመታተሙ በፊት ጥቂት የሙከራ ሸክላዎች ይወጡና ከስምንታችን ለሦስት ሴቶች ይሰጣሉ። መሃሉ ላይ የባንድ ስም የለ፣ የዘፈን ስም የለ፤ ነጭ ወረቀትና ቁጥር ብቻ። እያንዳንዳችን ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ደፍተን ለየብቻ እንሰማና ቅጽ እንሞላለን። ዘፈኑ ይጣም አይጣም አያገባንም። የምንፈልገው የሚንኳኳ፣ የሚያፏጭ፣ የሚዘል ካለ ነው። ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ጉድለት ከጻፉ ማተሚያው ብረት ይሰበራል፣ ሸክላውም እንደ ገና እንዲቀረጽ ለባለቤቶቹ ይመለሳል።

ከእነዚህ ጉድለቶች ሁሉ ቀላሉ የተሰነቀረ መርፌ ነው። አንድ ቦታ ላይ ይቀረቀርና ያንኑ እየደጋገመ ይዞራል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጆሮዬ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ሲደገም ከሰማ እጄ ሳላዘው መርፌውን ያነሳል። ቤት ውስጥ እንኳ ክሊፎርድ አንድ ወሬ ሁለቴ ሲነግረኝ እጄን እንደሚበላኝ ነግሬው ተኮራርፈናል።

ባለፈው ወር፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ነጭ ሸክላ ደረሰኝ። የመጀመሪያው ገጽ ረጃጅም የጭፈራ ዘፈኖች ነበሩበት፣ እንከን አልነበረውም፤ ጉድለት ሳድን ደግሞ የማን ዘፈን እንደሆነ ልብ አልልም። ሁለተኛውን ገጽ ገለበጥኩት። የመጀመሪያው ዘፈን ገና ከመጀመሩ ዘፋኙ ጠፋ፣ ኪቦርዱ ጠፋ፣ ከበሮ ብቻ ቀረ። ከዚያ ዱም ታ፣ ዱዱም ታ። ዱም ታ፣ ዱዱም ታ። አራት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። መርፌውን አነሳሁና «ሁለተኛ ገጽ፣ አንደኛ ዘፈን፣ ተሰንቅሯል» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ቅጹን ገልብጬ ማስቀመጥ ሲገባኝ ፊቱን ወደ ላይ ትቼው ሻይ ልቀዳ ሄድኩ። ፓውሊን ከጎኔ ነው የምትቀመጠው። እሷም ሰማች፣ «ተሰንቅሯል» ብላ ጻፈች። አለቃችን ሚስተር ቶንክስ ሁለቱን ወረቀት ይዞ ለንደን ደወለ። የዘፈኑ ኩባንያ ሰውዬም ሳያዳምጥ «እሱን ቦታ ቆርጠን እናውጣው፣ ማንም አያጣውም፣ ቀኑ ግን እንዳያልፍብን» አለው። ማተሚያው ሐሙስ ጠዋት እንዲሰበር ተወሰነ።

ሦስተኛዋ አድማጭ ሜርል ነበረች፣ ጃማይካ የተወለደችው፣ እኔ እንኳ የማልደፍራት። እሷ በዚያው ሰዓት ሻይ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶባት ስታደርቅ መርፌውን ሳታነሳ ቀረች። ማክሰኞ ምሳ ላይ መጥታ «ቤሪል፣ ያ ሸክላ አልተሰነቀረም» አለችኝ።

ፓውሊን ከአፌ ነጥቃ «ሜርል ደግሞ! ጆሮሽን ኪንግስተን ረስተሽው ነው እንዴ የመጣሽው?» አለቻት።

«ጆሮዬስ አብሮኝ አለ» አለች ሜርል። «እናንተ ናችሁ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ካለፈው አምቡላንስ የምትጠሩ። የኔ ልጆች ቤት የሚያጫውቱት ሁሉ እንዲህ ነው። ዘፋኙን ወደ ጓዳ ይሰዱትና ከበሮውን ብቻ ያስቀሩታል። አልተሰናከለም እቴ፣ ሰው እያስጨፈረ ነው።»

ደሜ ፈላ። አንተ ታውቀኛለህ፣ በጆሮዬ የመጣ ሰው በዓይኔ እንደ መጣ ነው። ሜርልን አሳፍራታለሁ ብዬ ሸክላውን እንደ ገና አስቀመጥኩ፣ እጄንም እንዳይቀብጥ ከመቀመጫዬ ሥር ሸጎጥኩት። ዱም ታ፣ ዱዱም ታ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ጣቶቼ ተንቆራጠጡ። ዓይኔን ወደ መርፌው ክንድ ጣል ሳደርግ ቀስ እያለ ወደ መሃል ይገባል። የተሰነቀረ መርፌ ወደ መሃል አይገባም! ይህ እኮ እዚያ ክፍል የገባች ሴት በመጀመሪያው ቀን የምትማረው ነው። አሥራ አንድ ዓመት በጆሮ ስሠራ ዓይኔን ረስቼው ኖሯል።

ከዚያ አንድ ነገር ሰማሁ። ሁለተኛዋ «ታ» ሁልጊዜ የፀጉር ስፋት ያህል ትዘገያለች። ዘጠኝ ዓመትህ ሳለ ከኮርቻ ሰፊዎቹ ጣሪያ ወድቀህ አንጓህ ከተሰበረ ወዲህ ግራ እጅህ ከቀኝህ ኋላ ነው የምታርፈው፤ እኔ ነኝ በጨርቅ ጠቅልዬ ሐኪም ዘንድ የወሰድኩህ። ይህን እያሰብኩ ድግግሙ በድንገት ተለቀቀና ከበሮው ወደ ፊት ሄደ፤ ያቺ በዳቦ ቆርቆሮ ላይ እያንደቀደቅህ የምታሳብደን ምት መጣች፣ ሦስት ፈጣን፣ አንድ ዝምታ፣ ሁለት ከባድ። ማዳመጫውን አውልቄ ጮክ ብዬ «ኔቪል ነው!» አልኩ። ስምንታችንም ዞርን፣ እኔም ጭምር፣ ማን እንደ ጮኸ ለማየት።

ሮጬ ቶንክስ ቢሮ ገባሁና ቁጥሩን በመዝገቡ አስፈለግሁት። «የወረቀት ሚኒስትሮች፣ የተራዘመ ስብሰባ፣ ስድስት ዘፈኖች በረጅሙ» ይላል። ባንዱ ለሦስት ዓመት ያወጣቸውን ዘፈኖች ሁሉ ለጭፈራ አስረዝሞ አንድ ሸክላ ላይ ያወጣው ነው። ማሽኑን አስወጥተው አንተን አስገብተውሃል፣ ይኸው ሐሙስ ጠዋት ደግሞ በእኔ ፊርማ ሁለተኛ ልትቆረጥ ነው።

ቶንክስ መነጽሩን አውልቆ «ፊርማው ያንቺ ነው አይደለም?» አለኝ። ነው አልኩት። «እንግዲያ ምን ላድርግሽ ቤሪል? ደንቡን ያመጣሽው አንቺ፣ ግድግዳ ላይ ያስለጠፍሽው አንቺ!» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አለቆች ከኋላችን እየቆሙ «እስቲ ደህና ነው በይው፣ ሥራ እንዳይቆም» እያሉ ሲያስጨንቁን በሠራተኛ ማህበሩ በኩል ተሟግቼ ደንብ አስወጣሁ፦ የተፈረመ ቅጽ በማንም አይሻርም፣ በፈረመችው ሴት እንኳ አይሻርም። መሻር የሚቻለው የክፍሉ ሴቶች ሁሉ አብረው አዳምጠው አንዳቸውም ሳይቃወሙ ሲስማሙ ብቻ ነው። ሌላ ሰው እንዳይጫነን የሠራሁት አጥር ይኸው እኔኑ ከውጭ ቆለፈብኝ።

ስለዚህ ሴቶቹን ለመንኩ። እኔ ቤሪል፣ ለአንድ ቅንጣት ጭረት ከለንደን መሐንዲስ ጋር የምጣላው፣ «ተሳስቻለሁ፣ ረቡዕ ምሳችሁን ስጡኝ» እያልኩ በየወንበሩ ዞርኩ። ግማሾቹ ደስ ነው ያላቸው፣ ይህን ቀን ሲጠብቁ እንደ ኖሩ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

ረቡዕ ቀን ካፍቴሪያው ውስጥ ማጫወቻውን ሾርባ ከሚቀዳበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ሜርል ከመርፌው ክንድ በታች ነጭ ወረቀት ለጥፋ በእርሳስ ምልክት አደረገችበት፣ ክንዱ ሲሄድ ሁሉም በዓይኑ እንዲያይ። ቶንክስ እጁን አጣምሮ ቆመ። ዘፈኑ ጀመረ።

ኔቪል፣ እስቲ ልንገርህ፣ ምናልባት አንተም በዚህ መልኩ አልሰማኸውም። ያቺ ሬዲዮ ላይ ሦስት ደቂቃ የነበረችው «እዚህ ላይ ይፈርሙ» ስምንት ደቂቃ ሆናለች። ልጆች ሆነን ለበዓል የተገዛልንን ጫማ ሁለት ቁጥር አስበልጠው ሲያደርጉልን እንደምንንገዳገደው ትሆናለች ብዬ ነበር፤ የለም፣ ይህኛው ልኳ ኖሯል፣ ጠባቡ የቀድሞው ነው። የምትታወቀው መግቢያዋ ትመጣለች፣ ዘፋኛችሁ ያንን ትዕቢተኛ ድምፁን ጥቂት ያሰማል፣ ከዚያ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ክፍሉን ለቆ ይወጣል። አንተ ብቻ ትቀራለህ። መጀመሪያ ሰው ይጠብቃል። ቀጥሎ ይሰለቻል። ከዚያ፣ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፣ መሰልቸቱ ራሱ ወደ እግር ይወርዳል። ግራ እጅህ በዘገየች ቁጥር ሰው ትንሽ ወደ ፊት ይደፋል፣ ስትመጣለት ይመለሳል። የወጥ ማንኪያ የያዘችው ሴትዮ ማንኪያዋን እየወዘወዘች ነበር። ቶንክስ ደግሞ፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ብቻ ነው ሙዚቃ የሚለው ቶንክስ፣ በጫማው ጫፍ ወለሉን ሲመታ ዓይኔን ግንባር ያድርገው አይቻለሁ። ክንዱ ምልክቱን አልፎ ገባ። ኪቦርዱ ሲመለስ ሁለት ሴቶች ሽርጣቸውን ይዘው ተነስተው ይወዛወዙ ነበር። ኩራቴን የት ላስቀምጠው? «ወንድሜ ነው» እያልኩ የማላውቀውን የጭነት ሾፌር ሳይቀር ነገርኩት።

ሲያልቅ ቶንክስ ጠየቀ። ሰባታችን «ጉድለት የለውም» አልን። ፓውሊን አንገቷን ደፋች። ሲደግምላት «ተሰንቅሯል ብዬ ፈርሜያለሁ፣ ተሰንቅሯል» አለችና ቀይ ሆነች። ሜርል «አንቺ! ክንዱ ሲሄድ አላየሽም? ወይስ እሱም ውሸታም ነው?» ብላ ስትነሳባት ፓውሊን ዓይኗ እንባ ሞላ። ያኔ ገባኝ። ሸክላውን ሰኞ ዕለት በደንብ አልሰማችውም፣ የኔን ወረቀት አይታ ነው የጻፈችው። «ተሳስቻለሁ» ካለች ቀጣዩ ጥያቄ «እንዴት ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ተሳሳታችሁ?» ነው፣ ገልባጭ ተብላ ከክፍሉ ትባረራለች። ሁለት ልጆች ብቻዋን ነው የምታሳድገው።

ቶንክስ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ። ነገ ጠዋት ብረቱ ይሰበራል። እኔም ተነስቼ «ጥፋቱ የኔ ነው። ቅጼን ፊቱን ወደ ላይ ትቼ ሄጃለሁ። ማንም ሴት ከጎኗ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር እያየች ጆሮዋን አታምንም፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኳት» አልኩ። ውሸት አልነበረም፣ ቅጽ ገልጦ መተው ራሴ ካስለጠፍኩት ደንብ አንደኛው ነው። ፓውሊን አፍንጫዋን ጠርጋ «እንግዲያስ… ረዥም ነው እንጂ አልተሰነቀረም» አለች። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

ቶንክስ ሰው ነውና በዚያው ቀን ለንደን ደውሎ ቆረጣው ቀረ አለ። ደንብ ደግሞ ደንብ ነውና በማግስቱ ለሦስት ወር ከማዳመጫ ክፍል ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወረኝ። ክሊፎርድ «ታዲያ አሁን ወሬ ሁለቴ ብነግርሽ ትችያለሽ ማለት ነው?» አለኝ። አልቆጨኝም። ትንሽ ብቻ ነው የቆጨኝ።

ሸክላውን ያስረዘመችው ሴት ናት፣ ሮዝሜሪ ስታብስ ትባላለች። ለስቱዲዮዋ ጻፍኩላትና መለሰችልኝ። በምላጭ ነው የምትሠራው፤ ድምፁ የተቀዳበትን የቴፕ ክር ቆርጣ፣ በሚያጣብቅ ፕላስተር ቀጥላ፣ ያንተን ሁለት ምት ብቻ እንደ ቀለበት አድርጋ በክፍሉ ዙሪያ በወንበር እግርና በእርሳስ ላይ ስታዞረው ውላለች። በደብዳቤዋ እንዲህ አለችኝ፦ መጀመሪያ ማሽኑን ለማስረዘም ሞከርኩ፣ ግን ማሽን ሲረዝም ያው ነው፣ ሰው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ኮቱን ይፈልጋል። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር «አይፈለግም» የተባለ ሣጥን አገኘሁ። የልጁ እጅ ስለምትዘገይ ሰው ልትመጣ ነው ብሎ ይጠብቃታል፣ ሲጠብቅ ይጨፍራል። እኔ እንደ እንከን የቆጠርኩት ነገር ነው ስምንቱን ደቂቃ የተሸከመው።

የሙከራውን ሸክላ ቶንክስ ሰጥቶኝ ቤት አጫወትኩት። ጊሊያን በብርቱካን ፀጉሯ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዞረችው፣ አጎቷ ታዋቂ ሆኖባት እኔን እንኳ እጄን ያዘችኝ። እናታችን ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ይዟት ነበር። ከበሮው ብቻ የቀረበት ጋ ሲደርስ ዓይኗን ሳትገልጥ «ኔቪል! ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ጎረቤት አለ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ነቃችና አየችኝ። «ከመጀመሪያው አድርጊው» አለች።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ልጽፍልህ ነበር፤ ትናንት የሆነውን ሳላይ አለመጻፌ ግን ጥሩ ሆነ። የማሸጊያ ክፍል ሥራ በዓይን ነው። ሸክላውን በጠርዙ ይዘህ ከትልቁ መብራት ሥር ታዘነብለዋለህ፣ ጭረት ከሌለው ልባሱ ውስጥ ትከታለህ። ትናንት ቅዳሜ ጠዋት «የተራዘመ ስብሰባ» በሣጥን በሣጥን ሆኖ እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ልባሱን ሳየው ቅር አለኝ፤ አስቀድሞ የታተመ ስለሆነ ስምህ የለበትም። የዘፋኙ አለ፣ የስታብስ አለ፣ ከበሮ በሚለው ቦታ የተጻፈው የማሽኑ ስም ነው። ቢሆንም አንዱን አንስቼ አዘነበልኩት።

ሸክላ የሚቀርጹ ሰዎች መጨረሻ ላይ፣ ዘፈኑ አልቆ ከነጩ ወረቀት በፊት በሚቀረው ጥቁር ባዶ ቦታ፣ ቁጥር በመርፌ ይጭራሉ፤ አንዳንዴም ለራሳቸው ቀልድ ይጽፋሉ። በጣም ቀጭን ስለሆነ በመብራት ካላዘነበሉት አይታይም፣ የሚያስተውለውም የለም። በመጀመሪያው ገጽ «ስብሰባው ተጀምሯል» ይላል። ገለበጥኩት። በሁለተኛው ገጽ በእጅ ጽሕፈት፣ ትንሽ ዘመም ብሎ፣ እንዲህ ይላል፦ «ማሽን አይደለም። ኔቭ ነው።»

ማን እንዳስጻፈው አላውቅም፤ ስታብስ ትሁን፣ ከባንዱ ልጆች አንዱ ይሁን፣ አልጠየቅሁም። ሌላ ሸክላ አነሳሁ፣ እሱም ላይ አለ። ሌላ አነሳሁ፣ አለ። ሁሉም ላይ አለ፣ ኔቪል። ማሽን ይሻላል ብዬህ ነበር፣ በድንች ልጣጭ መካከል፣ ቀና እንኳ ሳልል። ይኸው አሁን ተሳስተሻል የሚለኝን ጽሑፍ አንድ በአንድ በእጄ እያነሳሁ፣ እያየሁ፣ እየሸፈንኩ ወደ ዓለም እልካለሁ። ቀኑን ሙሉ አንዱንም ሳላነብ አልሸፈንኩም። ይቅር በለኝ።

ለአንተ የተመደበውን አንዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ቁራጭ ተጠቅልሏል። ማጫወቻ ባይኖርህ እንኳ ወደ ፀሐይ አዘንብለውና አንብበው፤ ፀሐይ እዚያ አይቸግርህም።

እናታችን በሁለት ጉንጭህ ትስምሃለች፣ ጥርስህን ሐኪም አሳይ ትልሃለች። ክሊፎርድ እጅህን ይጨብጣል፣ እዚያ ቀንድ አውጣ አለ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። ጊሊያን ፎቶግራፍህን በፊርማህ ላክልኝ ትላለች፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ አላመኗትም። አክስት ኤድና ሹራቡን ጨርሳለች፣ እጅጌው አንዱ ከአንዱ ይረዝማል፣ ዝም ብለህ ልበሰው። ሜርል ሳታውቅህ «ለዚያ ለሚያረፍደው ልጅ ሰላምታ አቅርቢልኝ» ብላሃለች። ፓውሊንም እንዲሁ።

በማሸጊያው ጠረጴዛ የምትኮራብህ እህትህ፣
ቤሪል

ዎልሶል፣ እሑድ ጁን 17 ቀን 1984